ማክሰኞን የሚጠብቀው ጀልበኛ

ጋሽ ጥሩምባ ጡረታ ሲወጡ ከመናኸሪያው ይዘው የወጡት አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ የምስጋና ወረቀትና አንድ የጎደለ የፊት ጥርስ ነበር። ሰዓቱ ወር ሳይሞላው ቆመ፤ ወረቀቱን አይጥ ቀመሰችው፤ በስተርጅና የበጃቸው የጥርሱ ክፍተት ነው።

ጥርሱን የወሰደባቸው ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ያመለጠ የመንገደኛ ሳጥን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ስ» እና «ሽ» ያለበትን ቃል ሁሉ ቀጭን ፉጨት ትከተለዋለች። ሾፌሮቹ «ጥሩምባ» ያሏቸው ግን ከዚያም በፊት ነው። ከመናኸሪያው ደረጃ በላይ ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ድምፅ ማጉያውን ሲከፍቱ፣ ወንበር ላይ የተኛ ረዳት ይነቃል፣ ሻይ የያዘ ሾፌር ሻዩን ትቶ ይሮጣል፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ማን እንደበለጠው ለመስማት ዝም ይላል ይባል ነበር።

ሥራቸው በካርቶን ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ማንበብ ነው፦ «የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ዛሬ ——— ጠዋት ወደ ——— የሚሄደው አውቶቡስ...» ጽሑፉን የሚለውጠው የለም፤ ቀኑና የሚኬድበት አገር ግን ይለዋወጣል። ባዶውን መሙላት የአስተዋዋቂው ፋንታ ነው። ጋሽ ጥሩምባም ግማሽ ዕድሜያቸውን ሰረዙ ላይ ሲደርሱ ዕለቱን እየጨመሩ፣ ሳይቆሙና ሳይደናቀፉ ኖሩ። ጨለማ ውስጥም ቢሆን እጅ አፍን አይስትም፤ የእሳቸውም ምላስ ሰረዝ ካየ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሞላዋል። ይህ ልብ ይባልልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ኋላ መናኸሪያው ዘመናዊ ሆነና ሳጥን ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት ተካቻቸው። ሴትዮዋ አታስነጥስም፣ አትቀርም፣ «ባለ ሰማያዊ ሻንጣዋ፣ ልጅሽን ትኬት መቁረጫው ጋ ረስተሽዋል» ብላም አታውቅም። ጋሽ ጥሩምባ አልተቀየሟትም። አንድ ቀን ግን፣ ለማስታወሻ የሚሆን የተቀዳ የራሳቸው ድምፅ ካለ ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሁለት መሳቢያ ከፍቶ ዘጋና በሐዘኔታ አያቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ማን ይቀዳል? በየቀኑ ነበሩ እኮ።»

መልሱ እውነት ስለነበረ መቆጣት አልቻሉም። ወደ ቤታቸው ግን ታክሲ ሳይዙ በእግራቸው ነው የተመለሱት። ጭስ እንኳ ጣሪያ ያጠቁራል፤ ድምፅ ምን ያጠቁራል? ያን ሁሉ ዘመን ተናግረው የቀረላቸው ነገር ቢኖር በሰው ጆሮ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ መንገደኞች ናቸው፣ ሄደዋል።

ቤት ውስጥም ቀን የሚባል ነገር ጠፋ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል፣ ለእጃቸውም ለምላሳቸውም ነው። ለእትዬ መርፌ ቀን በደንበኛ ይታወቃል፦ ሙሽራዋ የምትመጣበት ቀን፣ ኮት የሚያሰፋው መምህር የሚመጣበት ቀን፣ ማንም የማይመጣበት ቀን። ለጋሽ ጥሩምባ ቀኑ ሁሉ ይህ የመጨረሻው ዓይነት ሆነባቸው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» ይላሉ ከሶፋው ላይ።

«ምን ልታደርገው ነው?» ይላሉ እትዬ መርፌ፣ ስፒሉን ከከንፈራቸው ሳያወጡ።

«ለማወቅ ነዋ።»

«የሚያመልጥህ አውቶቡስ አለ?»

በዚህ መካከል ነው የእህታቸው ልጅ ብቅ ያለችው። ይህች ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ጌም ትሠራለች፤ በስልክና በኮምፒውተር የሚጫወቱትን ማለት ነው። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ነገር ያላት ሰው አቀማመጥ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ጌማችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጀልበኛ አለን። ድምፅ ጠፋለት። ብዙ ሰው ሞከርን፤ ሁሉም ሽማግሌ ለመምሰል ያስላል። ያ ፉጨትዎ እኮ ለሱ የተፈጠረ ነው።»

«የምትቀጥሪው እኔን ነው ጥርሴን?»

«ጥርሱማ የለም፤ ክፍተቱን ነው።»

እትዬ መርፌ ስፒላቸውን አወጡ። «ውሰጂው» አሉ፤ «ግን ሥራው ሲያልቅ ያ ጥርስ ይተከላል። ስሜን ሲጠራ የጎረቤት ውሻ እየመጣ ተቸገርኩ።»

ስቱዲዮው አንድ አሮጌ ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ ከጎሚስታ በላይ ነበር። ጎሚስታው ጎማ የሚነፋበትን ኮምፕሬሰር ሲያስነሳ የፎቁ መስኮት ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያርፈው ደግሞ ማክሰኞ ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ድምፅ የሚቀዳው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነበር። መቅጃዋ ክፍል ድሮ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት ናት፤ ግድግዳዋን የእንቁላል ካርቶን ለብሳለች፣ በሯን ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ገብተው ሲቀመጡ ጉልበታቸው ግድግዳ ይነካል። ጋሽ ጥሩምባ ወደዷት። የመስታወቱ ክፍላቸው መስታወቱ ተወስዶ እንጂ ሌላው ሁሉ ያው ነው አሉ።

ቀረጻውን የሚሠራው ልጅ «ጆሮ» ይባላል። ትልቅ ማዳመጫ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የወንበር መንቋቋትና የሆድ ጩኸት እያደነ ይይዛል። አንድ ሰው ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ ይነግርሃል፤ ምን እንዳለ ብትጠይቀው ግን አያውቅም።

ታሪኩን የሚጽፈው ደግሞ «ሕገ መንግሥት» ነው። ስሙን ያገኘው ለጌሙ ዓለም ባወጣው የሕግ ብዛት ነው። ዓለሟ ፀሐይ የማትወጣባት፣ ሁለት ጨረቃ የሚፈራረቅባት ምድር ናት። እዚያ እኛን የሚያውቀን የለም፤ ስለዚህ ከኛ ዓለም የመጣ ቃል ድንበሯን አያልፍም። ሰኞ የለም፣ ወር የለም፣ «ስድስት ሰዓት» የለም። አንድ ጊዜ አንድ ጭራቅ «በሚቀጥለው ሳምንት እበላሃለሁ» ሲል አግኝቶት ጭራቁን ከነዘሩ ሰርዞታል።

«ምን አደረገህ?» አሉት ጋሽ ጥሩምባ ይህን ሲሰሙ። «ቀጠሮ ማክበሩ ነው?»

ሕገ መንግሥት አልሳቀም፤ ለሥራው የሚሳሳ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አለቃው ሲጮህበት ውሎ ቤቱ ይገባል። የኛን ጌም ይከፍታል። ሁለቱ ጨረቃዎች ይወጡለታል። እዚያ መሃል አንዱ ‹ማክሰኞ› ቢለው የነገ ሥራው ትዝ ይለዋል። ዓለሟ እንደ ሳሙና አረፋ ጧ ትላለች። ያንን ሰውዬ እዚያ ማቆየት ነው የኔ ሥራ።»

ጋሽ ጥሩምባ ይህን ሲሰሙ ለልጁ ልባቸው ራራ። ቀልዱን ግን አልተዉም።

የዚያ ዓለም ቀኖች የራሳቸው ስም ሊወጣላቸው ነበር፤ ሕገ መንግሥት ገና ለዛፎቹ ስም በማውጣት ላይ ስለነበረ አልደረሰባቸውም። ስለዚህ በጀልበኛው ንግግር ውስጥ የቀን ስም በሚገባበት ቦታ ሁሉ ሰረዝ አደረገ። አንባቢው እዚያ ጋ ሲደርስ ትንሽ ዝም እንዲል፣ ኋላ ስሙ በዝምታዋ ውስጥ እንዲገባ ነው የታሰበው። ይህንን ግን ለጋሽ ጥሩምባ የነገራቸው የለም። የእህታቸው ልጅ ሕገ መንግሥት ነግሯቸዋል ብላለች፤ ሕገ መንግሥት ጆሮ ነግሯቸዋል ብሏል፤ ጆሮ ደግሞ ለንግግር ጉዳይ ተጠያቂ እንዳልሆነ ያውቃል።

«ጀልባዋ ——— ትመለሳለች፤ እስከዚያ ከወንዙ አትራቁ» ይላል ወረቀቱ።

«ጀልባዋ ማክሰኞ ትመለሳለች፤ እስከዚያ ከወንዙ አትራቁ» አሉ ጋሽ ጥሩምባ፣ ሳይቆሙና ሳይደናቀፉ።

ጆሮ ዓይኑን እንደጨፈነ አውራ ጣቱን አነሳ። ፉጨቷ እንደ ሐር ክር ጥርት ብላ ገብታለች።

እንዲህ እየተባለ ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት ተቀዳ። ለጋሽ ጥሩምባም ቀኖቻቸው ተመለሱላቸው። ሰኞ ጫማቸውን ይጠርጋሉ፣ ማክሰኞ ይሄዳሉ፣ ረቡዕ ያወሩታል፣ ሐሙስና ዓርብ ይደግሙታል፣ ቅዳሜ እትዬ መርፌ «በቃህ» ይሏቸዋል፣ እሑድ ያኮርፋሉ። የቀጠሮ ቀን ሳይገቡ የቀሩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ መብራት በጠፋ ዕለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጎሚስታው ለቅሶ ሄዶ ስለዘጋ ቀረጻው ያን ዕለት ተደረገ።

ሥራው አለቀ። እትዬ መርፌም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ባላቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰዷቸው።

«የሚነቀል ይሁን የማይነቀል?» አለ ሐኪሙ።

«የማይነቀል» አሉ እትዬ መርፌ። «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፤ የሚነቀል ከሆነ ኪሱ ውስጥ ነው የሚኖረው።»

ተተከለ። አማረባቸውም። ውሻውም መምጣት አቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕገ መንግሥት ዛፎቹን ጨርሶ ወደ ቀኖቹ የተሻገረው። ለቀኖቹ የሚያማምሩ ስሞች አወጣላቸው፤ «ቀይ ጥላ»፣ «ድርብ ብርሃን»፣ «ዕውር ጨረቃ» የሚሉ። ስሞቹን በዝምታዎቹ ውስጥ ሊያስገባ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ዝምታ አጣ።

የእህታቸው ልጅ ደውላ ጠራቻቸው። ሲደርሱ ሕገ መንግሥት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ጀልበኛው ለምንድነው ማክሰኞ የሚለው?»

«ማክሰኞ ነበራ።»

«ምኑ?»

«ቀኑ ነዋ። የቀዳነው ማክሰኞ አይደል?»

ልጁ ከጠረጴዛው ቀና አለ። «አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሐሙስ ይላል።»

ጋሽ ጥሩምባ አሰቡ። «መብራት የጠፋ ጊዜ ነው። ቀረጻው የተገፋው ወደ ሐሙስ ነበር።»

ጆሮ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሕገ መንግሥት ወደሱ ዞረ። «አንተ ያን ሁሉ ጊዜ ስትሰማ ምን ትሠራ ነበር?»

«እኔ ድምፅ ነው የምሰማው» አለ ጆሮ፤ «ወሬ አልሰማም።»

«ወንዙ ዳር ማክሰኞ አለ። የጦርነቱ ዋዜማ ማክሰኞ አለ። ንጉሡ የሞተው ማክሰኞ ነው።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ ጋሽ ጥሩምባ። የእህታቸው ልጅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀላል ነው፣ እንደገና ይቀዳል ተባለ። ማክሰኞ እስኪደርስ ተጠበቀና ጋሽ ጥሩምባ ወደ ካርቶኗ ክፍል ገብተው አፋቸውን ከፈቱ። ጆሮ ዓይኑን ገለጠ። በሱ ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ጀልበኛው የት ሄደ?» አለ።

ፉጨቷ የለችም። በአዲሱ ጥርስ በኩል የሚወጣው ድምፅ ጽድት ያለ፣ ክራቫት ያሰረ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ድምፅ ነው። የጀልባ ሳይሆን የስብሰባ ሰው። መላ ተፈለገ። ከከንፈራቸው ሥር ክብሪት አስገቡ፤ ክብሪቱ ወደቀ። ምላሳቸውን አጥፈው ሞከሩ፤ የጠጣ ሰው መሰሉ። በመጨረሻ ጆሮ ራሱ ከጎናቸው ቆሞ «ስ» በመጣ ቁጥር ሊያፏጭላቸው ተስማማ። ሲሰሙት ጀልበኛው ትከሻ ላይ ወፍ የተቀመጠ ይመስላል። ሐኪሙን ጥርሱን እንዲነቅለው ጠየቁት፤ ሐኪሙም በሥራዬ ቀልድ አላውቅም አለ።

ሕገ መንግሥት መጨረሻ ላይ አቀርቅሮ ተናገረ። «ሌላ ሰው እንፈልግና ጀልበኛውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብበው። አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ሽማግሌ ሆኖ መናገር ይችላል።»

«ያስላል?» አሉ ጋሽ ጥሩምባ።

«ትንሽ።»

የእህታቸው ልጅ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። «አጎቴ፣ ስምዎ እኮ አይቀርም። መጨረሻው ላይ ምስጋና ውስጥ ይጻፋል።»

«ስሜ አይናገርም ልጄ» አሉና ወረዱ።

ቤት ገብተው ለእትዬ መርፌ ሲነግሯቸው ኮታቸውን አላወለቁም። መናኸሪያው ውስጥ ስለተነገራቸው ነገር ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወሩት፤ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ነበር። እዚያ ወንዝ ዳር ያለው ሽማግሌ ከጠፋ እሳቸው ተናግረው እንደሚያውቁ የሚመሰክር አንድ ነገር እንደማይኖር ተናገሩ። እትዬ መርፌ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሰሙ። ጥርሱን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ይቅርታ ማለት ግን ባህርያቸው አይደለም። ስለዚህ ተቆጡ።

«እሳት የሚተፋ ዘንዶ ያመነ ሰው ማክሰኞን አላምንም ይላል?»

«ሕጉ ነው። በዚያ አገር ማክሰኞን የሚያውቅ ሰው የለም።»

«አይወቁታ! የማያውቁ ከሆነ ይሳቁበት። ሽማግሌው ማክሰኞ ባለ ቁጥር ሰፈሩ ‹ይሄ ሰውዬ ዛሬም ጀመረው› ይበል። በአንተ መሳቅ ደግሞ መች ሰው ያስቸግራል?»

ጋሽ ጥሩምባ ኮታቸውን ማውለቅ ጀምረው ነበር፤ አንድ እጃቸው እጅጌው ውስጥ እንዳለ ቆሙ። እትዬ መርፌ ያንን አስተያየት ያውቁታል። ትዳራቸው በሙሉ ከዚያ አስተያየት በኋላ አንድ ጣጣ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ።

«እኔ ምንም። አንቺ ግን ማክሰኞ ሥራ አለሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጪው ቅዳሜ ሞካሪዎች ይመጣሉ፤ ጌሙ ሳያልቅ ተጫውተው አስተያየት የሚሰጡ ወጣቶች ናቸው። ለነሱ የሚቀርበው ላይ የጀልበኛው ድምፅ ተዘግቶ በጽሑፍ ብቻ እንዲታይ ሕገ መንግሥት አዝዞ ነበር። መዝጋቱ የጆሮ ሥራ ነው። ጋሽ ጥሩምባ ጆሮን ጎሚስታው በር ላይ ለብቻው አገኙት።

«ቅዳሜ የኔን ድምፅ መዝጋት ብትረሳስ?»

ጆሮ ብዙ አላሰበም። «መርሳት እችላለሁ ጋሼ። ተሰጥኦዬ ነው።»

«አንድ ሴት ደግሞ ትቀዳልኛለህ።»

ማክሰኞ፣ ሕገ መንግሥት ሌላውን ልጅ ሊያነጋግር በወጣበት ሰዓት፣ እትዬ መርፌ ካርቶኗ ክፍል ገቡ። ወንዙ ዳር እስካሁን ድምፅ ያልተሰጣት አንዲት ዓሣ ሻጭ ነበረች፤ እሷን ይሆናሉ ተባለ።

«ምን ልበል?» አሉ እትዬ መርፌ።

«ቤት የምትይኝን» አሉ ባለቤታቸው ከውጭ።

እትዬ መርፌ ጉሮሯቸውን እንኳ አልጠረጉም። «ሰማችሁት? ዛሬም ማክሰኞ ይላል። ማክሰኞ ምንድነው ብለው፣ ከሰኞ ቀጥሎ ነው ይለኛል። ሰኞስ ምንድነው ብለው፣ ከእሑድ ቀጥሎ ነው። አንዱን ሳላውቅ ሌላ ያመጣብኛል። ልብስ አይሆን፣ ምሳ አይሆን፣ በጆንያ አይታሰር። ይመጣል ይላል። መጥቶም ያውቃል ብለው፣ አዎ መጥቶ ሄደ ይላል። እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ የመጣ የለም።»

በዚያ አላቆሙም። ስለ አኮራረፉ፣ ስለ አመጋገቡ፣ ዕቃ አስቀምጦ ስለሚረሳበት ሁኔታ ሁሉ ተናገሩ። ጆሮ ማቆሚያውን ሊነካ እጁን ዘርግቶ እዚያው ረሳው። ይህን ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ ሞካሪዎቹ መጡና በየኮምፒውተራቸው ተቀመጡ። የእህታቸው ልጅና ሕገ መንግሥት ከኋላ ቆሙ። ጋሽ ጥሩምባ እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በሩን ገርበብ አድርገውታል።

አንዲት ቀጭን ልጅ ወንዙ ዳር ቀድማ ደረሰች። ጀልበኛው ቀና አለ። «ጀልባዋ ማክሰኞ ትመለሳለች፤ እስከዚያ ከወንዙ አትራቁ።»

ሕገ መንግሥት ከቆመበት ዘለለ። የእህታቸው ልጅ ክንዱን ያዘችው። «ሙከራ ላይ ከቤቱ ሰው አይናገርም» አለችው በጆሮው፤ «ሕጉ ያንተ ነው።»

ልጅቷ ጨዋታዋን አቁማ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ማክሰኞ አለ እንዴ?»

«ተሳስተው ነዋ» አለ ጎረቤቷ፤ «እርማት ቀርቶባቸው።»

ሕገ መንግሥት ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ግን አልፋ ሄዳ ዓሣ ሻጯን አናገረች፤ እትዬ መርፌም ሳይቸገሩ ጀመሩ። «ሰማችሁት? ዛሬም ማክሰኞ ይላል...» ልጅቷ ሳቀች። ጎረቤቷም ሳቀ። ከዚያ ልጅቷ መሳቋን ተወችና ወደ ጀልበኛው ተመለሰች። እንደገና አናገረችው። ዘንዶው ጋ መሄዱን ትታ ሰፈሩን ሁሉ እየዞረች ሌላ ማክሰኞ የሚል ሰው ፈለገች። የለም። ሌላው ሁሉ ስለ ጨረቃ ነው የሚያወራው።

«የኔ ጀልበኛ ሐሙስ ብሏል» አለ ከጥግ አንዱ።

ይህን ጊዜ ሁሉም ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። ማዳመጫ አወለቁ፤ ፉጨቷ በክፍሉ ሞላች። አንዱ ሽማግሌው ያበደ ነው አለ፤ አንዱ የተቀጣ ንጉሥ ነው አለ። ቀጭኗ ልጅ ግን እስክትሰማው ድረስ ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው።

«አላበደም» አለች፤ «ከኛ ነው። ከዚህ ሄዶ እዚያ የቀረ ሰው ነው። ቀኑ እንዳይጠፋበት ነው ሁልጊዜ የሚጠራው። ማንም አያምነውም እንጂ።» ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ቤቱ ሰዎች ዞረች። «ወደ ቤቱ የሚመለሰው እንዴት ነው?»

ሕገ መንግሥት ክንዱን ከእህታቸው ልጅ እጅ አስለቀቀ። ጌሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ፣ ዘንዶውንም ንጉሡንም ጨምሮ፣ ወደ ቤቱ እንዴት ይመለሳል ተብሎ የተጠየቀለት ሰው አልነበረም። ቀስ ብሎ ወጣና ደረጃው ላይ ካሉት ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ። ከታች ኮምፕሬሰሩ ጮኸ፤ እስኪያበቃ ጠበቁ።

«ሆን ብለው ነው ጋሼ?»

«ማክሰኞውን ሳላውቅ ነው» አሉ ጋሽ ጥሩምባ። «ቅዳሜውን እያወቅሁ።»

«እኔ የሚጫወተውን ሰውዬ እዚያ ማቆየት እፈልጋለሁ ብዬዎት ነበር።»

«ያው ቆየልህ። ልጅቷ እስካሁን ወንዙ ዳር ናት።»

ሕገ መንግሥት ጫማውን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስቅ ከሚመስለው በላይ ልጅ ነው። «አንድ ሰው ብቻ» አለ። «እሱ ብቻ ነው ማክሰኞ የሚለው። ሌላ ጭራቅ አይጨመርም።»

«ጭራቅ ቀን ምን ያደርግለታል? ሥራ የለው፣ ቀጠሮ የለው።»

«እና ልጅቷ የጠየቀችው? መጨረሻ ላይ ወደ ቤቱ ልመልሰው?»

ጋሽ ጥሩምባ ጆሯቸውን ወደ በሩ ጣል አደረጉ። ከበሩ ወዲያ ሞካሪዎቹ ጀልበኛውን እየደጋገሙ ያናግሩት ነበር፤ ለእሳቸው በዚያ የራሳቸው ድምፅ ውስጥ የመናኸሪያው ጠዋት፣ የናፍጣው ሽታ፣ ሻንጣ ተሸክሞ የሚሮጠው ሕዝብ ያለ ይመስላቸው ነበር። ለነዚያ ልጆች ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ለነሱ ሽማግሌና ወንዝ ነው። ይሁን አሉ በልባቸው።

«አትመልሰው» አሉ። «ከተመለሰ ዝም ይላል።»

ሌላው ልጅ አልተጠራም። ጀልበኛው ወንዙ ዳር ቀረ፤ ዓሣ ሻጯም አጠገቡ። ሕገ መንግሥት ለሁለቱም አዲስ አንቀጽ አወጣላቸው ይባላል።

ጌሙ ሲወጣ የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተሯን ይዛ ቤታቸው መጣች። የእትዬ መርፌን የመቁረጫ ጠረጴዛ ጠርገው አስቀመጡት። ያን ቅዳሜ በበሩ ክፍተት ከሾለከው በቀር ጋሽ ጥሩምባ የራሳቸውን ድምፅ ከውጭ ሆነው በደንብ ሰምተው አያውቁም፤ መናኸሪያው ውስጥ ተናጋሪው እንጂ አድማጩ አልነበሩም። ሁለቱ ጨረቃዎች ወጡ። ወንዙ ታየ። ሽማግሌው ከጀልባዋ ላይ ቀና ብሎ ተናገረ።

ጋሽ ጥሩምባ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ» አሉ እትዬ መርፌ። «እንዲህ ነው ስንሰማህ የኖርነው።»

የጋሽ ጥሩምባ ዓይን እርጥብ ነገር ሆነ፤ ደግነቱ ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። «ድገሚው እስቲ፣ የማክሰኞውን» አሉ ለእህታቸው ልጅ።

ልጅቷ እጇን ስትሰድ ግን እትዬ መርፌ ቀድመው መቆጣጠሪያውን ከእጇ ወስደዋል። በአንድ ጊዜ ለምደውታል፤ ባለ ጎራዴውን ጀግና እንደ ጨርቅ እየጎተቱ ከጀልበኛው ፊት አነሱት።

«ወዴት ነው የምትወስጂው?» አሉ ጋሽ ጥሩምባ።

«ዓሣ ተራ» አሉ እትዬ መርፌ፣ ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አንተን በቤትም እሰማሃለሁ። መጀመሪያ እኔ ያልኩትን ልስማ።»